ሩሚሳ የጮኸች ቀን

ነርስ አትጠገብ ማዳመጫውን ከሩሚሳ ጀርባ አንስታ በመዳፏ አሞቀችና እንደገና አስቀመጠችው። በግራ በኩል አየሩ ይገባል፣ ይወጣል። በቀኝ በኩል፣ ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ላይ፣ ምንም የለም።

“ሩሚሳዬ፣ አየር ሳቢ። በደንብ።”

የአምስት ዓመቷ ልጅ ከንፈሯን ገጥማ ግድግዳውን አየች። ከቢስቲማ ወደ ደሴ ሆስፒታል ከመጣች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ሳንባዋን ተጭኖት የነበረው ፈሳሽ በቱቦ ወጥቶላታል፤ ቱቦው ከተነቀለም ሦስተኛ ቀኑ። የተጨማደደው ሳንባ እንዲከፈት የቀረው በረጅሙ መተንፈስ፣ መንፋት፣ ማውራት ነበር። እሷ ግን ከገባች ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም። ዶክተሩ ጠዋት ቁርጡን ተናግሯል፤ እስከ ከሰዓት ለውጥ ከሌለ ቱቦው ተመልሶ ይገባል።

አትጠገብ ወደ ሕፃናት ክፍል ከተዛወረች ገና አንድ ወሯ ነው። ሰባት ዓመት አዋቂዎችን ስታስታምም “በረጅሙ ተንፍሱ” ማለት ይበቃት ነበር። እዚህ ግን አንዱን ልጅ ያባበለው ሌላውን ያስለቅሰዋል። የስምንት ወሩን ሙንዚርን ከእናቱ ጭን ሳያነሱ ነው የሚመረምሩት። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ፋኢዛ ደግሞ መጋረጃው ካልተጋረደና መርፌው ለምን እንደሆነ ካልተነገራት ክንዷን አትሰጥም። ለሩሚሳ የሳሙና አረፋ አምጥታላታለች፤ የጎማ ጓንት ነፍታ ዶሮ ሥላበታለች። ልጅቷ በዓይኗ ትከተላለች እንጂ አፏን አትከፍትም።

“ቤትም እንዲህ ዝምተኛ ናት?” ስትል አልጋው ጥግ የተቀመጠውን አባቷን ኑርሁሴንን ጠየቀችው።

“ኧረ ወላሂ አይደለችም! ድምጿ ከማሳው ማዶ ይሰማ ነበር እኮ፣ ሲስተር።” ኑርሁሴን ድምፁን ዝቅ አደረገ። “የታመመች ለት እንኳ ስትጮህ ጨቅላ ወንድሟን ቀሰቀሰችው። እናቷ ተናዳ ‘ይሄ አፍሽ አንድ ቀን ጉድ ያመጣብሻል’ አለቻት። በዚያው ምሽት ትኩሳቱ ጣላት።”

አትጠገብ ዞር ስትል ሩሚሳ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ጭናለች።

ነርሷ ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ። “ሩሚሳ፣ ያሳመመሽ አፍሽ ነው?”

ልጅቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

“አይደለም፣ የኔ እመቤት። ያሳመመሽ በዓይን የማይታይ ጀርም ነው። ዝም ያሉትንም ልጆች ይይዛል።”

እጆቿ ከአፏ አልወረዱም። በአምስት ዓመቷ ይህን በቃል ብቻ አታምንም፤ በዓይኗ ማየት ነበረባት። አትጠገብ ብድግ አለች፣ ደረቷ እስኪሞላ አየር ሳበችና ባላት ኃይል “ሆ!” ብላ ጮኸች።

ክፍሉ ደነገጠ። ሙንዚር ለቅሶውን ለቀቀው፤ እናቱ “ምን ነካት?” አለች። አትጠገብ መልሳ ተንበረከከችና ግንባሯን አስጠጋች።

“ንኪኝ እስቲ። አመመኝ? ትኩሳት አለኝ?”

ሩሚሳ አንድ እጇን አወረደች። እናቶች እንደሚያደርጉት በእጇ ጀርባ የነርሷን ግንባር ነካች፤ ቆየች፤ ጉንጯንም ነካች። ከዚያ ራሷን በአሉታ ወዘወዘች፤ ትኩሳት የለም።

“ሆ!” አለች ፋኢዛ ከመጋረጃው ውስጥ። “መጥታ እኔንም ትንካኝ!”

የሩሚሳ ትከሻ ከፍ አለ። “ሆ…” ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ሳል ተከተለው። ኑርሁሴን ዘሎ ሲነሳ አትጠገብ በእጇ አቆመችው። “ይተዋት። ሳሉም ይጠቅማታል።” ሁለተኛው “ሆ!” ጠንከር አለ። አትጠገብ ማዳመጫውን ከቀኝ ጎኗ ላይ አሳረፈች። ለሦስተኛው ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና አየሩን ወደ ውስጥ ስትስበው፣ ከታች፣ ባዶ ከነበረው ቦታ፣ የደረቀ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ተንኮሻኮሸ። አየር ገባ። ጩኸቱ መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

ዶክተሩ እየሮጠ መጣ። “ምንድነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?”

አትጠገብ ማዳመጫውን ሰጠችው። አዳመጠ። ቦታ ቀይሮ አዳመጠ። “እስቲ አንዴ ድገሚልኝ” አላት ሩሚሳን። ደገመችለት፤ ጆሮው ላይ። ወደ ኋላ አፈገፈገና ሳቁ አመለጠው።

“ቱቦው ይቅር” አለ። “በየሰዓቱ ትጩህ።”

“አባዬ!” አለች ሩሚሳ፤ በአሥራ አንድ ቀን የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። “አባዬ፣ ራበኝ! እንቁላል!”

ኑርሁሴን “አልሐምዱሊላህ!” ብሎ ወጥቶ ሮጠ። አትጠገብ በመስኮቱ ስታየው አንድ እግሩ ጫማ አጥልቋል፣ ሌላው ባዶውን ነው፤ እጁን ለባጃጆቹ እያወናጨፈ፣ እንቁላል ፍለጋ ወደ ፒያሳ ይበራል።