ሦስተኛው ቋንቋ

በሥራ ባልደረባዬ በጋሼ ቀብር ላይ ከዘመድ በላይ ያለቀሰው አለቃችን፣ አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ የቢሮዬ በራፍ ላይ ቆሞ፣ «የሽማግሌውን ቋንቋ አውጪልኝ። ከእንግዲህ ማን ይንከባከበዋል?» አለኝ።

የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለራችን ሦስት ቋንቋ ያውቃል፤ ሦስተኛውን ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ እንደ ልጅ አሳድጎታል፤ ለዚያውም አንድ ቀን ሳይመሰገን። «ሚጢጢ፣ ይሄን የነካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው» ይለኝ ነበር።

የደሞዝ ነገር ነው፤ «እሺ» አልኩ። አለቃው ክፍሉ ገብቶ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ከአንዱ ጋር ይሳሳቅ ጀመር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል።

ሦስተኛውን ቋንቋ ከምርጫው ዝርዝር ሰረዝኩና ኮምፓይለሩን እንደ አዲስ እንዲገነባ ማሽኑን አስጀመርኩ። ማሽኑ መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይፈትሻል፤ ያገኘውን «አለ»፣ ያጣውን «የለም» እያለ ይጽፋል።

አንደኛ ቋንቋ… አለ።
ሁለተኛ ቋንቋ… አለ።
ሦስተኛ ቋንቋ… አለ።

የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ምርጫዬን ደግሜ አየሁት። ያስገባሁት ሁለት ቋንቋ ብቻ ነው። ፍተሻው ግን ቀጠለ።

ተንከባካቢ… አለ።

የትኛው የተረገመ ቀልደኛ ነው ብዬ ዞርኩ። ከጎኔ ያለው የጋሼ ወንበር ባዶውን ነው።

አለቃ… የለም።

ከግድግዳው ወዲያ ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ብቻውን «ሃሎ? ኧረ ሃሎ?» ይላል።

ቀጣዩ መስመር ወጣ። መልሱ ገና አልተጻፈም።

ሚጢጢ…