ወደ ጓንጁ

ሰፈሩ ለልማት ፈርሶ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ሁለት ዓመት ሆነው። እሷ ኮዬ ፈጬ ደረሳት፤ ሌሎቹ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ። "ናፈቃችሁኝ፣ ብቅ በሉ" ብላ ስትደውል "መንገዱን ማን ችሎት!" ይሏታል። "ቅዳሜ በአውሮፕላን ቻይና፣ ጓንጁ ልሄድ ነው" ስትል ግን አንድም የቀረ የለም።

የኤርፖርቱ በር በእልልታ ቀለጠ። ሰው ሁሉ እየተቃቀፈ አልላቀቅ አለ።

"አንቺ፣ ጓንጁ ማን አለሽ?" አሏት ጋሽ ደምመላሽ፣ የድሮው የዕድር ዳኛ።

"ማንም! ላያት ነው!"

ሻንጣዋን ቢያነሱት እንደ ላባ ቀለላቸው። "ምነው፣ ነፋስ ነው እንዴ የሞላሽበት?"

"ስመለስ ነዋ የሚሞላው!"

ሳቁ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ተላቀሱ፣ እንደገና ሳቁ። እሷም ሻንጣዋን ይዛ ወደ በሩ ሄደች።

"ፓስፖርትና ትኬትዎን፣ እማማ" አላት ጥበቃው።

"የለኝም፣ ልጄ" አለችው በሹክሹክታ። "እነሱ እስኪሄዱ ድረስ እዚህ ጥግ አስጠጋኝ።"

ከኋላዋ ጋሽ ደምመላሽ ተጣሩ፤ "የምትመለሺበትን ቀን ንገሪን እንጂ! ሁላችንም መጥተን እንቀበልሻለን!"

ዞር ብላ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አነሣች።

"የዛሬ ሳምንት!"