በአራተኛው ሰዓት ላይ ያለችው ነጥብ

የኡምኩልሱም አማካሪ ዶክተር አጥናፉ እስክሪብቷቸውን በመመረቂያ ጽሑፏ ግራፍ ላይ አስቀመጡላት። «ይህችን ነጥብ ሰርዢያት። ግራፍ ነው ወይስ ከጭሮ ወደ ቦርደዴ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ?» ብለው ሳቁ። ዛሬ ካልፈረሙላት ምረቃዋ ለከርሞ ይሻገር ነበር። ኡምኩልሱም ግን እስክሪብቶውን አልነካችም። ነጥቧ ባክቴሪያዎቹ በአራተኛው ሰዓት ለማደግ የሚያስፈልጋቸው የፕሮቲን ማምረቻ፣ ራይቦዞም፣ የሚሠራበትን አርኤንኤ ምን ያህል እንዳመረቱ ታሳያለች። ሲያድጉ ከቆዩባቸው ሰዓታት ሁሉ ምርቱ በዚያች ሰዓት ብቻ ወድቆ ነበር።

«ዶክተር፣ ያኔ ከተማው በሙሉ መብራት ጠፍቶበት ነበር» አለች። «ባክቴሪያዎቹ የነበሩበት ማሞቂያ ሲቀዘቅዝ ማደግ አቆሙ። ማደግ ላቆመ ፍጥረት አዲስ ራይቦዞም ምን ያደርግለታል? መብራት ሲመጣ ደግሞ እንደገና ማምረት ጀመሩ። ወላሂ፣ ውጤቱ ስህተት የለውም።»

«ፈታኞቹ ይህን አይሰሙሽም፣ ልጄ። ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ አስረዳቸዋለሁ።»

ያን ጊዜ እስክሪብቶውን አነሳች። ከነጥቧ አጠገብ «መብራት ጠፋ» ብላ በጉልህ ጻፈች፤ ቀኑንና ሰዓቱንም አከለችበት። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እሳቸው አዞረችው።

«አሁን ይፈርሙልኝ» አለች።