ድምፅ ስጡ

የሰፈሩ ኮሚቴ ስብሰባ መጥራት ትቶ ሁሉን ነገር በቴሌግራም ማድረግ ከጀመረ ሰነባብቷል። ሰኞ ጠዋት «ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም እንግባ? እስከ ማታ ድምፅ ስጡ» የሚል መልእክት መጣ፤ ከሥሩ «እስማማለሁ» እና «አልስማማም» የሚሉ ቁልፎች አሉ።

ድምፅ ስጡ ከተባለ መናገር ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? አንዲት የሰፈሩ ሴትዮ መነጽሯን አድርጋ የማይኩን ምልክት ፍለጋ ስክሪኑን እዚህም እዚያም ነካካች። ስታገኘው ተጭና ይዛ ተናገረች።

«ባሌን የሸኘሁት ከዚህ ቤት ነው። አልወጣም።»

እሷን የሰሙ ጎረቤቶቿም ተከተሏት። ጋሽ ሸዋፈራ ሳል እያቋረጣቸው «በጭራሽ!» አሉ። እትዬ አስካለ እያለቀሱ ላኩ። አንድም የተስማማ አልነበረም።

ማታ ሊቀመንበሩ ጻፈ፦ «የድምፅ መልእክት አይቆጠርም። ቁልፍ የተጫነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ተስማምቷል። ስለዚህ መቶ በመቶ ጸድቋል። እናመሰግናለን።»

«ማነው ይሄ ከሃዲ?» አሉ ጋሽ ሸዋፈራ፣ አሁንም በድምፅ።

ሴትዮዋ ወደ ጠዋቱ ጥያቄ ተመለሰች። ማይኩን ስትፈልግ ጣቷ ያረፈበት ቦታ፣ «እስማማለሁ» የሚለው ላይ፣ የራይት ምልክት ተደርጎበታል።

ስልኩን ደፍታ አስቀመጠችና ወንበር ላይ ወጥታ መጋረጃውን አውርዳ ማጣጠፍ ጀመረች።