የድሮዋና አዲሲቷ

መካኒኩ ዝምተኛ ነው። ሚስቱ "ልጁን አተኮሰው" ስትለው "እሺ" ይላል። "ወተት አለቀ" ስትለውም "እሺ" ይላል። በመሥሪያ ቤቱ እጀ ወርቅ ይሉታል፤ የክፍል ኃላፊነቱ ግን ሁለት ጊዜ አልፎት ለአፈ ቅቤዎች ተሰጥቷል።

ከሁለት ሳምንት ወዲህ ሰውዬው አፍ አወጣ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል፣ ውሃውን ይከፍታል፣ ያወራል። ሚስትየው ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

"አዲሲቷን ሄጄ አይቻታለሁ። እንደሷ ያለች አላጋጠመችኝም።"

ሲወጣ "ከማን ጋር ነው?" አለችው።

"ከማንም።"

"ታዲያ ውሃው ነው ያወራው?"

"እሺ" አለና ሸሚዙን መተኮስ ጀመረ። ተኩሶ አያውቅም።

ለእህቷ ነገረቻት። እህቷ ነገር አታለዝብም።

"ዝምተኛ ወንድ አፉን ሲፈታ ለሚስቱ አይደለም። ሸሚዝ ከተኮሰማ አበቃ። እኔ አንቺን ብሆን ልጄን አንጠልጥዬ እናቴ ቤት ነበርኩ።"

ሚስትየው ሻንጣ አሰናዳች። ግን ዝም ብሎ መሄድ አልሆነላትም፤ ፊት ለፊት ነግራው መሄድ ፈለገች። ሐሙስ ጠዋት ልጇን አዝላ መሥሪያ ቤቱ ሄደች። ዘበኛው "ሁለተኛ ፎቅ፣ መጨረሻው በር" አላት።

በሩ ገርበብ ብሏል። የባሏ ድምፅ ነው፣ ሳይደናቀፍ ይፈሳል። አምስት ዓመት አብራው ኖራ እንዲህ ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

"የድሮዋን አልጠላትም። ብዙ አገልግላለች። ግን እውነቱን ልናገር፣ ታንጠባጥባለች።"

ሚስትየው ቀሚሷን አየች። ወተቱ ደረቷን አርሶታል።

"ትንሽ ከሠራች ትግላለች። ከጋለች ደግሞ ጩኸቷ ጎረቤት ይደርሳል። ስንቴ ላስተካክላት ሞከርኩ፣ እምቢ አለች። አዲሲቷ ቀጠን ያለች ናት፣ ድምጿም አይሰማም። የድሮዋ ቀኑን ሙሉ የምትሠራውን እሷ በግማሽ ቀን ትጨርሰዋለች።"

ሰዎች ሳቁ። ጭራሽ ሰው ፊት ያዋርደኝ፣ አለች በልቧ። በሩን ገፋችው።

"ይመችህ" አለችው፤ እንባዋ ቀደማት። "አዲሲቷን አምጣት። የድሮዋ ልጇን ይዛ ሄዳለች።"

ክራባት ያሰሩ ስድስት ሰዎች ዞረው አዩዋት። መሃል የተቀመጡት ሽማግሌ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ እኛንም እኮ አሳመነን፤ የውሃ ፓምፗ ትቀየር ብለን አሁን ፈረምን።"