አረቄ ምን ስኳር አለው

ደባልቄን አራት ሆነው ተሸክመው አምጥተው አልጋው ላይ ሲያጋድሙት እየሳቁ ነበር። የደቦው ባለቤት ካሣዬ፣ "ይተኛ፤ አረቄው ነው፤ እስኪመሽ ይለቀዋል" ብሎኝ ወደ ማሽላው ተመለሰ። ሌሎቹም ተከተሉት። በደቦ ቀን ሰክሮ የወደቀ ሰው ለማን ብርቅ ነው።

እኔ አልሳቅሁም። ባሌ የስኳር በሽተኛ ነው። ጠዋት መርፌውን የወጋሁት በእነዚህ እጆቼ ነው፤ ቁርሱን ግን "ካሣዬ ዘንድ እበላለሁ" ብሎ ትቶት ወጣ። በእኛ መንደር ደቦ አረቄው ማለዳ ይዞራል፤ ምግቡ የሚቀርበው ሥራው ሲጋመስ ነው። ይህን እያወቅሁ ሸኘሁት። ጠጅ ጣፋጭ ነው ብሎ ከተወ ሁለት ዓመቱ ነው። "አረቄ ግን ምን ስኳር አለው? እንደ ኮሶ የሚመር ነገር" ይላል፤ እኔም አምኜዋለሁ።

ጠራሁት። ጉንጩን መታ መታ አደረግሁት። ዓይኑ በግማሽ ተከፍቶ ጣራውን ያያል እንጂ እኔን አያይም። ስኳሩ ሽቅብ ወጥቶበት ነው ብዬ፣ እንዳይሞቅ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ከቀበርኩት ገንቦ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ አውጥቼ መርፌውን ሞላሁ። ሸሚዙን ስገልጥ ሆዱ በላብ ርሷል፤ ላቡም በረዶ ነው።

ያ ላብ አስፈራኝ። መርፌውን እንደያዝኩ አሶሳ ላለችው ነርስ ደወልኩ። ሀዊ ትባላለች፣ የባምባሲ ልጅ ናት፤ ክፉ ቀን አይታወቅም ብላ ስልኳን የሰጠችን እሷው ናት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"እትዬ አገኘሁሽ፣ ጠጥቷል?"

የዛሬ ሁለት ዓመት ይህንኑ እሱን ጠይቃው ነበር። በአፌ አይዞርም ብሎ ዋሻት፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ መሰከርኩለት። አሁን እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ሰውዬው እየሞተብኝ አፈርኩ።

"ጠጥቷል" አልኳት። "አረቄ። በባዶ ሆዱ።"

"መርፌውን አስቀምጪው፤ ከወጋሽው ይሞትብሻል። ስኳሩ ወርዶ ነው እንጂ አልወጣም። አረቄ ጉበቱ ያስቀመጠውን ስኳር እንዳይለቅ ይይዝበታል። በጎኑ አስተኚውና ድዱን ማር ቀቢው። የሚጠጣ እንዳትሰጪው፣ ያንቀዋል። አምቡላንሱን እኔ እጠራለሁ።"

በቤቴ ማር የለም፤ ስኳርም የለም። ሙልጭ አድርጌ ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ልጆቼ እንኳ ጣፋጭ ሻይ ሲያምራቸው ጎረቤቴ ሪም ዘንድ ሄደው ነው የሚጠጡት። መርፌውን አስቀምጬ በሩ ላይ ቆሜ ሪምን ጠራሁ። የሪም ባል ቀፎ ይሰቅላል። ምን ሆንሽ ሳትል ማሩን ከነሰፈፉ በጣሳ ይዛ መጣች።

በጎኑ ገለበጥነው። ጥርሱ ገጥሟል። ጣቴን ማር ነክሬ በጉንጩና በድዱ መሃል አስገብቼ አሸሁ። ደገምኩ። ማሩ በከንፈሩ ጥግ ወርዶ ትራሱ ላይ ይፈስሳል። ሪም ቢስሚላህ እያለች እግሩን ታሻለች።

"አንተ አትፍራ፤ አላህ አለ" አለችኝ። በሪም አማርኛ ሁላችንም ወንድ ነን።

እኔ ግን እፈራለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር ስታገል ዋናውን ጠላት በገዛ እጄ ሳሳልፈው ኖሬያለሁ። አንዲት ቃል ለዚያች ነርስ ብነግራት ኖሮ ምን ነበረበት።

ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ ጣቴን ስመልስ ምላሱ ተነቃነቀ። ዋጠ። ከዚያ ነከሰኝ፤ ጥርሱ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ሪም ደሙን አይታ እጄን ልትስብ ስትል በክርኔ ከለከልኳት።

"ንከስ" አልኩት። "ንከስ፣ ደባልቄ።"