ያልተኛው ጋን

ዜፌሪና ያቺን ቃል ስድስት ዓመት ሙሉ አልዋጠቻትም፤ አልተፋቻትምም። «የሴት ዓይን ስላረፈበት ነው!» ነበር ያለው ኤርሚኒዮ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፤ አዲሱ ወይን በሚከፈትበት በቅዱስ ማርቲኖ ቀን፣ አገር ምድሩ በተሰበሰበበት፣ የከፈተው የወይን ጋን እንደ ክረምት ወንዝ ደፍርሶ ሲወርድ። ጋኑ መፍላቱን ገና እንዳልጨረሰ እሷ ታውቅ ነበር። ጆሮዋን ለጥፋ ሰምታዋለች፤ ነግራውም ነበር። «ምን? ምን?» ካለ በኋላ ሳቀባት። ከዚያ ወዲህ በመንደሩ የማንም ወይን በኮመጠጠ ቁጥር፣ «ዜፌሪና አይታው ይሆን?» ይባላል።

ወይኑን የምትለቅመው እሷ ናት። በእግሯ የምትረግጠው እሷ ናት። ሲፈላ በቀን ሦስት ጊዜ መሰላል ላይ ወጥታ፣ የተንሳፈፈውን ገለፈት በእንጨት መቅዘፊያ የምትደፍቀውም እሷው። የእንጨቱን ቧንቧ ከጋኑ ሥር ካለው ቡሽ ላይ ደግኖ በመዶሻ መምታት ግን የወንድ ሥራ ነው፣ ከወንድም የታላቅ። መዶሻው የወንድማማቾቹ የአባታቸው ነበር፤ ከኤርሚኒዮ ቤት ውጭ አድሮ አያውቅም።

ዛሬም ይኸው የማርቲኖ ቀን ነው። የቀትር ፀሐይ በሩ ድረስ ገብታለች፤ ፍሙ ላይ ቋሊማ ይንጫጫል። በነዜፌሪና ቤት ፎቅ ላይ ለእንግዳ ከሚከራዩት ክፍሎች አንዱን የያዙ ባልና ሚስት ከሊዝበን መጥተዋል። ሚስቲቱ ሌኖር፣ «ለዚች ቀን ብለን ገና በፋሲካ ነው ክፍሉን ቀድመን ያስያዝነው» ትላለች ላገኘችው ሁሉ።

ኤርሚኒዮ ኮፍያውን እንዳጠለቀ፣ መዶሻውን ይዞ በሦስቱ ጋኖች ፊት አለፈና ትልቁ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ዘንድ ቆመ። የዚያ ጋን ወይን በዝናቡ ምክንያት መጨረሻ ላይ ነው የተለቀመው። ጠዋት ስታዳምጠው ያወራ ነበር።

«ጋሼ ኤርሚኒዮ፣ እሱን ይተዉት። አልተኛም።»

«ምን?»

«ጋኑ አልተኛም!»

«ጋን ይተኛል እንዴ? አልጋ አንጥፊለታ!»

እንግዶቹ ሳቁ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ራሱ ነው። ባሏ ጃሲንቶ የዳቦውን ቢላዋ ዛሬ ገና እንዳየው ዕቃ አትኩሮ ያየዋል።

ያኔ ሰው አለ ብላ ነበር ዝም ያለችው። ዛሬም ሰው አለ። ዜፌሪና እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እስቲ የኔ እመቤት» አለቻት ሌኖርን፣ «ጆሮሽን እዚህ ጋ ለጥፊ።»

ሌኖር ጠጉሯን ሰብስባ ጠጋ አለች። «ኧረ! ዝናብ ይመስላል። ሩቅ የሚዘንብ።»

ባልየውም ሞከረ። «የኔ ሆድ ካልሆነ በቀር፣ እውነትም ያጉረመርማል።»

«እናቲቱ ናት» አለች ዜፌሪና። «እኛ ገለፈቱን እናት ነው የምንለው። ወይኑ ፈልቶ እስኪያበቃ ከላይ ትንሳፈፋለች፤ ሲበቃው ወርዳ ከታች ትተኛለች። ከዚያ ወይኑ በእሷ ውስጥ እየተጣራ ይወጣል። ሳትተኛ ከነካሃት ጭቃዋን ነው የምትሰጥህ።»

ኤርሚኒዮ ጆሮውን ጋኑ ላይ ለጠፈ። ቋሊማው ብቻ ይንጫጫል። ቆየ። ጆሮውን ቀየረ።

«ምንም የለም» አለ። ቀጥሎ ጮክ ብሎ፣ «ምንም!»

ለካ! ሬዲዮኑን መንደር እስኪሰማ የሚያስጮኸው፣ ቄሱ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉት ዝም ብሎ የሚያልፈው፣ ያኔም «ምን? ምን?» ያለው ለዚህ ኖሯል። ኤርሚኒዮ ጋኑን ሰምቶ አልናቀም። አልሰማውም። አልሰማሁም ማለት ደግሞ ከሞት በላይ ሆኖበት በእሷ ዓይን አሳበበ።

«ደንቆሮ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰች። በሰው ፊት ተዋርዳለች፣ በሰው ፊት ማዋረድ ትችላለች። ሽማግሌው ግን ጆሮውን ከጋኑ አላነሳም፤ የጠፋበትን ነገር እዚያ ውስጥ የሚፈልግ ይመስል ዓይኑን ጨፍኗል።

መዶሻ ያልያዘበትን እጁን ያዘችና መዳፉን ከጋኑ ሆድ ላይ አሳረፈችው። ሸክላው ይርገበገባል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ተኛች ድመት ጎን። የኤርሚኒዮ ዓይን ተከፈተ። ቀና ብሎ እሷን አያት፤ ወዲያው ወደ መሬት አየ።

ከሌላው እጁ መዶሻውን ወሰደችው። አልያዘባትም።

ተኝቶ የሰነበተው ትንሹ ጋን ሥር ተንበረከከች። ቧንቧውን ደገነችና አንዴ መታች። ቡሹ ወደ ውስጥ ገባ፣ ፊቷ ላይ ረጨት አደረጋት፣ ከዚያ ወይኑ እንደ ማር ወለላ ጥርት ብሎ ወረደ።

«ወይ ጉድ!» አለ ጃሲንቶ ከነቢላዋው።

ቀድሞ የሚጠጣ የከፈተ ነው። ዜፌሪና ቆማ፣ ሳትቸኩል፣ ሁሉም እያያት ብርጭቆዋን እስከ መጨረሻው ጨለጠች። ቀጥላ ሞልታ ለኤርሚኒዮ ሰጠችው።

ጠጣ። አፉን ጠረገ። «ኮምጣጤ አይደለም» አለ፣ መንደር እስኪሰማ።

«ሰማሁ» አለች።

ቀኑን ሙሉ በሉ፣ ጠጡ፣ ሌኖር ዘፈነች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኤርሚኒዮ ለመሄድ ተነሳና መዶሻውን በዓይኑ ፈለገ። ወጥ ቤት ውስጥ፣ በጭልፋውና በወንፊቱ መካከል፣ አዲስ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ጥቂት አየው።

«ለትልቁስ መቼ ልምጣ?» አለ።

«ሲተኛ እጠራዎታለሁ፤ እጅዎን ብቻ ይዘው ይምጡ።»